ሽማግሌ የተላከበት የይለፍ ቃል

ሰው ከተነጠቀው ሁሉ አብዝቶ የሚቆጨው ተጠቅሞበት የማያውቀው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ገጹን ጭምር እነግራችሁ ነበር። ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የገበሬ ይዞታ በሚመዘገብበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አሥራ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ሁለቱ ጡረታ ሳይጠይቁ ጡረታ ወጥተዋል።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደተቀመጣችሁ ልንገራችሁ፤ የጥፋቱ ግማሽ ከጠባዬ ነውና። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ነው። አንደኛ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ነበረች። ፈተና ላይ ወረቀቴን በክንዴ ከልዬ ስጽፍ እጇን አወጣችና አክስቴ አታሳየኝም ብላ ለመምህሩ ከሰሰችኝ። መምህሩ በዕድሜ ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው፤ ማንን እንደሚቆጣ ግራ ገብቶት ሰሌዳውን ጠረገ። ያቺ ልጅ ዛሬ ዱርቤቴ ውስጥ ነርስ ሆናለች። እኔ ግን ክንዴን ከወረቀቱ ላይ እስካሁን አላነሳሁም።

ከዚያ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ በመካከሉ አቧራ እውጣለሁ። የተጠየቅሁትን ፋይል ከማቀበሌ በፊት አነበው ስለነበር የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ የዓመት ፈቃድ ምክንያት በቃሌ አውቃለሁ፤ ስንት አያት ስንት ጊዜ እንደሞተች ጭምር። የማታ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎ ዲግሪ። ከመዝገብ ቤቱ በር እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ በር ሃያ ርምጃ ነው። እኔ የተሻገርኩት በዘጠኝ ዓመት ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መኸር ነው። አንድ ጧት ከቡሬ ወዲያ ያለ የአንድ ቀበሌ ገበሬ መዝገብ በሙሉ ተሰወረ። ስሙ አለ፤ ስትከፍቱት ግን ውስጡ የለም፤ ሣጥኑ ቆሞ ልብሱ እንደተወሰደበት ቤት። ቫይረስ ነው፤ በፍላሽ ከውጭ የገባ። የመጠባበቂያ ቅጂ አልነበረሽም ወይ የሚል አንባቢ ካለ፣ ነበረኝ። ያስቀመጥኩት ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ይህን በጽሑፍ ሳምን የመጀመሪያዬ ነው።

ገበሬው አጨዳውን ትቶ እንደገና ተጠራ፣ እንደገና ተሰለፈ። ኃላፊያችን አቶ ይሻምበል አስጠሩኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ነገር መናገር ሲኖርባቸው ሰውን ሳይሆን እስክርቢቷቸውን ነው የሚያዩት።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እኔም ላስጥልሽ አልችልም» አሉ ለእስክርቢቷቸው። «ወደ መዝገብ ቤትሽ ትመለሻለሽ።»

«መዝገብ ቤትሽ» ያሏት ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። ሃያውን ርምጃ ወደ ኋላ ለመሄድ ዘጠኝ ዓመት እንደማይፈጅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኮምፒውተር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሰካበት ይጽፋል። ሐሜተኛ ነው፤ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ፍላሹ የጋሼ አንዳርጌ ነበር።

ጋሼ አንዳርጌ የቅየሳ ባለሙያችን ናቸው። መሬት በገመድ ለክተዋል፣ በሜትር ለክተዋል፣ አሁን ደግሞ በሳተላይት ይለካሉ፤ ከልባቸው የሚያምኑት ግን ገመዱን ነው። ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት ስለነበሩ አንድን ነገር በቀጥታ ተናግረው አያውቁም፤ ውኃ ሲጠማቸው እንኳ ስለ ዝናብ ነው የሚያነሡት። ፍላሻቸውን ከማተባቸው ጋር አንድ ላይ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። እኔም ጡረታ የተቃረበ ሽማግሌ በአደባባይ አላዋርድም አልኩና የኮምፒውተሩን ሐሜት ዘጋሁት። በእሳቸው ፈንታ የአሥራ አንዱንም ኮምፒውተር በር ለመዝጋት ወሰንኩ።

አቶ ይሻምበል ፈረሙልኝ፤ ቅዳሜን ዋልኩበት። ሁሉም ሠራተኛ ሙሉ መብት ነበረው፤ አነሳሁት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ሥራውን ይሠራል፤ አዲስ ፕሮግራም መጫን፣ ሰዓት መቀየር፣ ፍላሽ መሰካት የፈለገ ግን የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ የይለፍ ቃሉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ራሴን የከተማ በር ዘግቶ ቁልፉን ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ ዘበኛ ቆጥሬው ነበር።

ሰኞ ጧት የመጀመሪያው እሮሮ ከጸሐፊያችን ከስንዱ መጣ። ስንዱ ኮምፒውተሯን በሐበሻ ሰዓት ነበር የምታስኬደው፤ ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት እንዲላት እየመለሰችው። በዚህም የተነሳ በኮምፒውተሩ መዝገብ መሠረት ስንዱ ደብዳቤዎቿን ሁሉ የምትጽፈው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፤ ኦዲተር ቢያየው ወይ ይሸልማታል ወይ ጠበል ይወስዳታል። ሰዓቱን አስተካክዬ ቆለፍኩት። በፈረንጅ ሰዓት ገብቼ በፈረንጅ ሰዓት ልወጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እንድታይ ነገርኳት። ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከሁለታችን ግድግዳውን የወደደች ይመስለኛል።

ቀጥሎ ጋሼ አንዳርጌ። ፍላሻቸውን ሳያወልቁ፣ አንገታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ዝቅ አድርገው ሰኩት፤ እንደዚያ ነው ልማዳቸው፤ ውኃ የምትጠጣ በግ ይመስላሉ። ኮምፒውተሩ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አስገባ አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡ።

«በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖሬ» አሉ፣ «ዛሬ ደጃፍ ላይ ማን ልበል ተባልኩ።»

ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሲያዝን እንኳ ያምርበታል፤ ቢሮው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጋሼ አንዳርጌ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ፕሮግራም ጭነው አያውቁም። ግን የማይወጡበት የጓሮ በር ቢሆንም ሲቆለፍ ቤቱ እስር ቤት ይሆናል።

ከዚያ ልመናው መጣ። ስንዱ ሦስት ቀን ሙሉ «አፈር ስሆን» እያለች ደጄን ጠናች። አንዱ ማር አመጣልኝ፤ ቀመስኩና መለስኩት፤ ከመለስኩት በኋላ ነው ደጋግሜ መቅመስ እንደነበረብኝ የገባኝ። ሌላው በጾመ ነቢያት ዶሮ ይዞልኝ መጣ። ዶሮዋን አብረን ገናን እንጠብቅ አላልኳትም፤ እሷም ከባለቤቷ ጋር ተመለሰች።

ልመናው ሲከሽፍ በደብዳቤ መጡብኝ። ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ «ጉዳዩ፦ የይለፍ ቃል እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ። የይለፍ ቃሉን በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት ገቢ እንዳደርግ ይጠይቃል፤ ግልባጭ ለየክፍሉ፣ ግልባጭ ለማስታወቂያ ሰሌዳ። ከሥር አቶ ይሻምበል ፈርመውበታል። ሄጄ ብጠይቃቸው ከፈቃድ ቅጾች መሃል እንደፈረሙበት ነገሩኝ፤ ነገሩኝና በሩን ገርበብ አድርገው፣ ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው ብነግራቸውስ አሉኝ። መመሪያውን የፈረሙት ራሳቸው መሆናቸውን አስታወስኳቸው። አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ቀስ ብዬ የጠየቅሁሽ አሉ። ደብዳቤውን ሦስት የፊደል ግድፈት በቀይ እስክርቢቶ አርሜ መለስኩት። የፊደሉን እርማት እስከ ዛሬ ይቅር ያላለኝ ሰው አለ፤ የይለፍ ቃሉንስ ረስቶታል።

በመጨረሻ ምሳ ላይ ተውኝ። በጾም ወቅት አምስት ስድስት ሆነን በየዓይነቱ በአንድ ትሪ ነበር የምንቆርስ። አንድ ቀን ሳይጠሩኝ ጀመሩ፤ በማግስቱም ሳይጠሩኝ ጨረሱ። መጽሐፌን ገልጬ ለብቻዬ በላሁ። ብቻዬን መብላት ዱሮም ለምጃለሁ፤ ብቻዬን እንድበላ መደረግ ግን ሌላ ምግብ ነው፤ ሽሮው ያው ሆኖ አይወርድም።

እኔም እልሁ ባሰብኝ። የይለፍ ቃሉን በየሳምንቱ እለውጠው ጀመር፤ በለወጥኩት ቁጥር ይረዝማል። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ለግማሽ ሰዓት እንዲቆለፍበት አደረግሁ። አንድ ረቡዕ ራሴ ረሳሁት። በሬ ላይ «ጥገና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ለጥፌ ከጧት እስከ ምሳ የገዛ ራሴን ጭንቅላት ስጠግን ዋልኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እሑድ ደረሰ።

እናቴ ከሽንዲ ገጠር ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እኔ ጓዳ ውስጥ መጽሐፍ ይዤ፣ እሷ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች፣ አጥር በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው የንስሐ አባቴ መምሬ ጥበቡ፣ ሁለተኛው ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር፣ ሦስተኛውን አላውቃቸውም፤ ከቡሬ ገጠር የመጡ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸው የታጠበ፣ ዱላቸው የተወለወለ። እናቴ ግቡ፣ ተቀመጡ አለች። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ቆሙ።

አሁን የእናቴን ነገር አስቡት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለፈኝ፣ ባል ያላገባሁ፣ በመጽሐፍ ላይ የምተኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ይህን ጧት ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቃዋለች። እሑድ ቀን፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ቄስ ከፊት፣ አንቀመጥም የሚል። በአገራችን ሌላ ትርጉም አለው ብላ የምታስብ እናት ካለች እኔ አላየኋትም።

መምሬ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዙሪያ ጥምጥሙን ጀመሩ። ደጅ ጠንቶ ያጣ አንድ ሰው እንዳለ፣ ሰውየው ጨዋ እንደሆነ፣ የሚሻው ነገር እዚህ ቤት እንዳለ፣ ልጅቱ ዘንድ ያለው ነገር ቢሰጠው እንደማይጎዳት ሲያስረዱ እናቴ አላስጨረሰቻቸውም።

«ሰጥቻለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሕይወታቸው እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የተሰጣቸው ጉዳይ የነበረ አይመስለኝም።

«ምኑን እንደሆነ ሳይሰሙ?» አሉ መምሬ።

«የመጣችሁበትን። ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። መረቁ። እናቴ አሜን አሜን እያለች ጠላ ቀዳች። እኔ ከጓዳ ብቅ ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ጡረተኛው መምህር፣ ነገሩን በቀጥታ መናገር የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ እንግዲህ ጋሽ አንዳርጌ ፓስወርዱን ካገኘ ነገ ሥራውን ይጀምራል አሉ።

እናቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ፓስወርድ የማን ልጅ ነው?» አለች።

የጠላው አረፋ ሲፈነዳ ይሰማል። መምሬ ጥበቡ ሲያስረዷት እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ቁጣ አልነበረም፤ ምስሩን አስቀምጣ ተነሥታ ተመልሳ ምስሩ አጠገብ እንደመቀመጥ ያለ ነገር ነበር። እማዬ፣ አንቺ ያሰብሽው ሌላ ነው፣ አልሰጠሁም በያቸው አልኳት በጆሮዋ። እሷ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ መለሰችልኝ።

«ልጄን ስሰጥ ያልሳሳሁ፣ ለእሱ ልሳሳ? ሰጥቻለሁ ካልኩ ሰጥቻለሁ።»

አያችሁልኝ። እናቴ ለሽማግሌ በቆመበት የሰጠችውን ብነሣ፣ ከሽንዲ እስከ ቡሬ ቃሏን የበላች ይሏታል። ብሰጥ ደግሞ ነገ ያ ፍላሽ ይሰካል፣ መዝገቡ ይጠፋል፣ እኔ ሃያውን ርምጃ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። በዘጠኝ ዓመት ያገኘሁትን እናቴ በአንዲት ቃል፣ ያውም በደስታ፣ አስረከበችብኝ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የዚያን ቀን ግን ተናገርኩ። በቅደም ተከተል ነው የተናገርኩት፤ ሌላ አልችልበትም። ቫይረስ ምን እንደሆነ፣ በፍላሽ እንዴት እንደሚጋባ፣ የአንድ ቀበሌ ገበሬ መዝገብ እንዴት እንደጠፋ፣ ሁለተኛ ቢጠፋ እኔ የት እንደምመለስ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አያ ሞላ የጠላ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«የትኛው ቀበሌ ነው ያልሽ፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው።

«ያማ የኔ ነው» አሉ።

ሦስት ጊዜ መምጣታቸውን ነገሩን። ይዞታው የባልና የሚስት ነውና ሚስታቸውንም ይዘው፤ ሚስታቸው ወገባቸውን ያማቸዋል። ጤፉ ታጭዶ ሳይከመር፣ ሰማዩ ጠቁሮ። መጀመሪያ ተመዘገቡ፤ ቀጥሎ ጠፍቷል ተብለው ተጠሩ፤ ሲመጡ ገና ነው ተባሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

«ምን ሆኖ ነው ብል ኮምፒውተሩ ታሟል አሉኝ። እኔም እግዜር ይማረው ብዬ ተመለስኩ። ማታ በጸሎቴም አስቤዋለሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ታዲያ ማን ነው ያሳመመው?»

ሁሉም እኔን አየ። እኔ ምስሩን አየሁ። ከውስጡ ያልተለቀመ ጠጠር አገኘሁና አወጣሁት፤ ሌላም ፈለግሁ። እንዳልናገር የያዘኝ ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ክንዴን ከወረቀት ላይ ማንሣት ስለማልችልም ጭምር ነው።

ከአጥሩ ውጭ ሳል ተሰማ። ሽማግሌ የላከ ሰው ራቅ ብሎ ነው የሚጠብቀው፤ ጋሼ አንዳርጌ ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ኖረዋል። በሩን ገፍተው ገቡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

«እኔ ነኝ፣ አያ ሞላ።»

ፍላሹ ውስጥ የየኔታቸው ድምፅ አለ። የቅኔ መምህራቸው ከማረፋቸው በፊት አንድ ተማሪ በስልክ ቀድቶላቸው፤ ቤታቸው ኮምፒውተር ስለሌላቸው በምሳ ሰዓት ቢሮ ተቀምጠው ይሰሙታል። ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ቀን ቅጂ ሊያስወጡ ቢሰጡት ልጁ ጋሼ ይኸ እኮ በቫይረስ የተሞላ ነው አላቸው። መዝገቡ ከጠፋ ከሳምንት በኋላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለጉት መብቱን ራሱን ሳይሆን፣ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑ እንዳይታወቅባቸው ይመስለኛል፤ ሁሉም ሰው ቢፈቀድለት ማንም ብቻውን አይጠየቅምና። እሷ ፍላሹ የማን እንደሆነ አታውቅም፣ ብታውቅ ኖሮ ዝም አትልም አሉ ስለ እኔ። አውቅ ነበር አልኩ። ጋሼ አንዳርጌ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አወለቁት።

መምሬ ጥበቡ እንግዲህ ወደ እኔ ዞሩ። የንስሐ አባት ክፋቱ የት የት እንደምትሰነካከሉ ማወቁ ነው።

«አንቺስ፣ ልጄ፣ የሌላውን በር ስትዘጊ የራስሽን ዘግተሽዋል?»

ለንስሐ አባት አይዋሽም። የራሴን አልዘጋሁም ነበር። አሥሩን ቆልፌ አንዱን፣ የኔን፣ ክፍት ትቼዋለሁ። ቡሬ ውስጥ አንድ መጽሐፍ የሚቀዳልኝ ቤት አለ፤ የቆዩ መጻሕፍት በፎቶ ተነሥተው በፍላሽ ይሰጡኛል። በየሳምንቱ አመጣለሁ፤ ሳልመረምር እሰካለሁ። ለምን ቢባል እኔ ባለሙያ ነኛ፣ መጽሐፍ ደግሞ ሰው አይጎዳም። ይህን ስናገር ጆሮዬ ነደደ። እናቴ ልጄ ክፉ ነገር ብታደርግ እንኳ በመጽሐፍ ነው ብላ ለአያ ሞላ በሹክሹክታ አጽናናቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጓሮ ወጥተው መከሩ። ሲመለሱ መምሬ ፍርዱን አመጡ። በደብራቸው የእቃ ቤቱ መክፈቻ ሁለት ነው አሉ፤ አንዱ በቄሰ ገበዙ እጅ፣ አንዱ በሰበካው እጅ። አንደኛው ብቻውን ቢሄድ በሩን ሳም አድርጎ ይመለሳል።

«እናትሽ የሰጠችው አይታጠፍም፤ ያንቺም ፍርሃት አይናቅም። ግማሹን አንቺ ያዢ፣ ግማሹን አንዳርጌ ይያዝ። የአንቺው ኮምፒውተር ጭምር።»

በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ መላ ያስተማረኝ አልነበረም፤ ወይ ትምህርቱ በተሰጠበት ቀን ሌላ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። የየኔታን ድምፅ አጽድቼ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። አያ ሞላ በደሉን ይቅር ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሁለተኛ ሲታመም እውነቱን ንገሩኝ፣ ጸሎቴን ለሌላ አደርገዋለሁ አሉ።

ሰኞ ዕለት ግማሽ ባለሥልጣን ሆኜ ሥራ ገባሁ። ጋሼ አንዳርጌ የራሳቸውን ግማሽ ሲመርጡ በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውን ጋረዱ፣ እኔንም አስወጡኝ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ ስንዱ አገኘችኝ፤ ከገዛ ክፍሌ ተባርሬ ስታየኝ ልቧ ራራ መሰለኝ፣ ምሳ ላይ ጠራችኝ። ሰዓቷን ግን አልፈታሁላትም፤ ብፈልግም ብቻዬን አልችልም።

እንግዲህ ባለፈው ወር የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ለመስክ ምዝገባው አዲስ ፕሮግራም መጣ፤ በዚያው ቀን ካልተጫነ በመስክ ያሉት ገበሬዎች መዝገብ አይገባም። ጋሼ አንዳርጌ ደግሞ ከቡሬ ማዶ ማሳ እየለኩ ነው። ደወልኩላቸው፤ ለዛሬ ብቻ ግማሻቸውን በስልክ ቢነግሩኝ ምን ይመስላቸዋል አልኩ።

«የይለፍ ቃል በስልክ ይነገራል?» አሉ። «ይህን የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ?»

ፕሮግራሙ የሚጫንበትን ላፕቶፕ አዝዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቡሬ ላይ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ጋሼ አንዳርጌ ከስድስት ገበሬዎች ጋር ቆመዋል፤ የየማሳቸውን ወሰን በኮምፒውተሩ ላይ ሊያዩ የሚጠብቁ። እጃቸውን ከጀሪካን ታጥበው ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ገበሬዎቹ ሁሉ ወደ ተራራው እንዲዞሩ አዘዙ። ዞሩ። እሳቸውም ዞሩ፤ የኔን ግማሽ ጻፍኩ። ከዚያ እኔ ዞርኩ፤ እሳቸው በአንዲት ጣት ጻፉ። ስህተት አለ። እንደገና ሁሉም ዞረ፣ እኔ ጻፍኩ፣ እኔ ዞርኩ፣ እሳቸው ጻፉ። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ስላረፈ ነጠብጣቦቹን መቁጠር አልቻሉም። በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ለግማሽ ሰዓት ተቆለፈ።

ይህን ግማሽ ሰዓት ማን አመጣው ብለው ጋሼ አንዳርጌ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ደግ አድርገሻል አሉና ጋቢያቸውን ላፕቶፑ ላይ ጥላ አድርገው ተቀመጡ።

ከገበሬዎቹ አንዱ ፊቱን ሳይመልስ አለቀ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ገና ነው፤ ዘወር እንዳትሉ» አሉ ጋሼ አንዳርጌ።

የተቆለፈ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ነገር እንደሌለ፣ ዞረው ቁጭ ማለት እንደሚችሉ ልነግራቸው ይገባ ነበር። እንደምታውቁኝ እንዲህ ያለ ስህተት ሳላርም አላልፍም። ግን ስድስት ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ ሽማግሌ እንደ ታቦት ዘበኛ ተቀምጦ፣ እኔ የምጠብቀውን ነገር ሌላ ሰው ሲጠብቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ድንጋዩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።